የሳቅ ቦታ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በሚጀምርበት ዕለት፣ አስካለ ሆዷን ይዛ ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀ። አባቷ ሳቀ፤ እናቷ ሳቀች፤ አያቷም ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ገና ሳያደርጉ በድዳቸው ሳቁ። ክፋት የለበትም። በ2074 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ በፈተና ቀን «ሆዴን አመመኝ» ስትል መሳቅ ያለ ነው፤ ያልሳቀ ወላጅ እንዲያውም «ምን ነካው?» ተብሎ ይታማል።

«አባዬ፣ የእውነቴን ነው» አለች አስካለ።

«እሱ ነው የሚያስቀው!» አለ አባቷ ኪሩቤል፣ ሻዩን ፉት እያለ።

ልጅቷ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። እናቷ ሶሊያና ከጓዳ ሆና «ያቺ ስልኳ ላይ የተጣደች ልጅ ተነሳች?» ብላ ጮኸች፤ ጮኻም ትንሽ ዝም አለች። መልስ እየጠበቀች አልነበረም። ለሳቁ ቦታ መተዋ ነው።

ይህ የሳቅ ቦታ የሚሉት ነገር ከድራማው የመጣ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድራማ ያያል። ቀን ቤት ውስጥ የተባለው ሁሉ ተለቅሞ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ የሃያ ደቂቃ ኮሜዲ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይመጣል፤ የተባለበት ቦታ ላይም ሳቅ ይገባበታል። የሚገርመው ድራማው የየቤቱ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ በየቤቱ አንድ መሆናቸው ነው። ቋጣሪ አባት አለ። ጯሂ እናት አለች። ነገረኛ አማት አሉ። አኩራፊ ጎረምሳ፣ ወይም ከሥራ ለማምለጥ የማትፈነቅለው ድንጋይ የሌላት ኮረዳ አለች። ሌላ ዓይነት ሰው ያለበት ቤት ቢኖር እንኳ ድራማው አያውቀውም፤ እየቆረጠ፣ እየቀጠለ ከእነዚህ ወደ አንዱ ይመልሰዋል።

ሶሊያና ስታገባ ዝምተኛ ነበረች። ድራማው ውስጥ ጯሂ ሆና ስትታይ ስድስት ወር ሙሉ ተናደደች፤ በሰባተኛው ወር መጮህ ጀመረች። የኪሩቤል እናት እማማ ሄርሜላ ምራታቸውን እንደ ልጃቸው የሚወዱ ሴት ነበሩ። ዛሬ ወጡን ሳይቀምሱ «ጨው በዝቶበታል» ይላሉ፤ ብለውም ዝም ይላሉ። ሰው ሲባል ጉድ ነው፣ የተሰፋለትን ልብስ ለመልበስ ራሱን ያጠባል።

ኪሩቤል ደግሞ የዚህ ሁሉ ሠራተኛ ነው። «ፍንድቅ» የሚባለው ድርጅት ውስጥ ሳቅ ተካይ ነው። ሳቁን የሚያስገባው ማሽን ነው፤ እሱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የተሳሳተውን ያርማል። ይቺ ዘገየች፣ ይቺ ቀደመች፣ እዚህ ላይ የአክስት ሳቅ ይግባ፣ እዚህ ላይ የጎረምሶች ይሁን ይላል። ጆሮው የታወቀ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ፍንድቅ ከየቤቱ የሰበሰበውን ድምፅ፣ ሕመምተኛ ሲደውል ለሚመልሰው የጤናው መስመር ማሽን ማሠልጠኛ ሲሰጥ፣ ልጆች «አመመኝ» የሚሉበትን ቅጂ ሁሉ አዳምጦ እየለየ ምልክት ያደረገው እሱ ነበር። አብዛኛው ላይ «ማስመሰል» ብሎ ጻፈ። ሥራው ጥሩ ተብሎ ስለተወደደለት የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶታል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን እማማ ሄርሜላ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው ለልጅቷ አጠጧት። ወዲያው አስመለሳት።

«እሰይ! ወጣላት» አሉ እማማ ሄርሜላ። «ፈተናው ነው የወጣው።»

ሶሊያና ሳቀች። ኪሩቤልም ሊስቅ አፉን ከፈተ። በዚህ መሃል አስካለ ከሶፋው ላይ ቀና ለማለት ሞክራ አቃታትና እንዲህ አለች፦ «መጀመሪያ እምብርቴ ጋ ነበር አሁን ወደ ቀኝ ወርዷል እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም እሄዳለሁ ፈተናውን እፈተናለሁ ብቻ አንድ ሰው ደግፎ ያስነሳኝ።»

ኪሩቤል ክው አለ። ቃሉ አይደለም ያስደነገጠው፤ ቃሉንማ አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። አነጋገሯ ነው። ልጅቷ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንዲት የሳቅ ቦታ አልተወችም። ባለፈው ወር ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለመቅረት ስትዋሽ በየመሃሉ ዓይኗን እያንከራተተች፣ ዝም እያለች፣ ሳቁን እየጠበቀች ነበር። የሚያስመስል ልጅ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ ትንፋሹ ያሳብቅበታል። የዛሬው ግን ሳቅ ቢገባበት የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ኪሩቤል በሥራው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ማሽኑ ሳቁን በሰዉ ቃል ላይ ይደርብበት ነበር፤ እሱም «ድምፁ ተበላሽቷል» ብሎ ያልፈው ነበር።

ብርጭቆውን አስቀምጦ ልጁ አጠገብ ተንበረከከ። ግንባሯን ነካ። ያቃጥላል።

«ሶሊ፣ ነይ እስቲ!»

«ደግሞ ምን ተሰበረ?» አለች ሶሊያና ከጓዳ፣ ለሳቁም ቦታ ተወች።

«ሶሊ፣ ተይ! ልጅቷ የእውነቷን ነው!»

እናት መጣች፣ አየች፣ ፊቷ ተለወጠ። «እኔን! እኔን የኔ እናት!» ብላ የልጇን እግር ያዘች። እግሩ አልዘረጋ አለ።

በድሮ ጊዜ ቢሆን ሰው ልጁን ተሸክሞ ሐኪም ቤት ይሮጣል። አሁን የሐኪም ቤት በር ያለ ቀይ ቁጥር አይከፈትም። ቀይ ቁጥር የሚሰጠው የጤናው መስመር ነው፤ በሩ ላይ ያለው ጠያቂም ያው መስመሩ ነው። ባለፈው ዓመት የስድስተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ጎረምሳ ልጁን አዝሎ ሄዶ፣ እዚያ ብርድ ላይ ሲቀለድበት ውሎ ተመልሷል። ልጁ ምን እንደሆነ ኪሩቤል አልጠየቀም ነበር። አሁን ትዝ ሲለው አፈረ።

ደወለ። ሰዉ «እህትዬ» ብሎ የሚጠራት የማሽን ድምፅ ተቀበለችው። ለስላሳ ድምፅ ናት፤ ስትናገር ፈገግ ማለቷ ይሰማል።

«ጤና ይስጥልኝ። ምን ሆናችሁብኝ?»

«ልጄ ታማለች። ቀኝ ሆዷ ሥር ነው። ትኩሳት አላት፣ አስመልሷታል። ትርፍ አንጀት ነው የሚመስለኝ። ቀይ ቁጥር እፈልጋለሁ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አስራ አምስት።»

«ዛሬስ ፈተና የለባትም?»

ትዋሻለች እንጂ የትምህርት ቤቱን ቀን መቁጠሪያ ከማንም በላይ ታውቃለች። የጠየቀችው ለጨዋታ ነው።

«አለባት፤ ቢሆንም—»

«አይ የዛሬ ልጆች!» አለች እህትዬ። ከኋላዋም አንዲት ሞቅ ያለች፣ ወፍራም ሳቅ መጣች። ኪሩቤል ያችን ሳቅ ያውቃታል። የአክስት ሳቅ ናት። ለጤናው መስመር ይሻላል ብሎ የመረጣት ራሱ ነው፤ ሰው ታሞ ሲደውል ቤተኛነት እንዲሰማው። «ሙቅ ውሃ ይስጧት። ፈተናው ሲያልፍ እሷም ትድናለች።»

ሶሊያና ስልኩን ነጠቀችው። «ስሚ አንቺ! ልጄ እየሞተችብኝ ነው እያልኩሽ ነው! በሕግ አምላክ መኪና ላኪ!»

«እናትየው ነዎት? ድምፅዎ ከዚህ ድረስ ይሰማል፤ ስልክም ባልፈለጉ!» ሳቅ።

ሶሊያና አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ሄርሜላ ቀርበው፣ ድምፃቸውን አለዝበው፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ አራት ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ የሆድ ሕመምና የሥራ ጥላቻ ልዩነት ይጠፋኛል? በሞቴ ስሚን» አሏት።

«እማማ፣ ምራትዎ ምን አብልታት ነው እንዲህ የሆነችው?»

ሳቁ ረጅም ነበር። እማማ ሄርሜላ ምራታቸውን አዩ። ለስንት ዓመት ሲወረውሩት የኖሩት ቃል ዛሬ ከሌላ አፍ ወጥቶ ሲሰሙት እንባቸው ዱብ አለ። «ማርያምን፣ እንዲህ አላልኩም» አሉ ለሶሊያና። ሶሊያና እጃቸውን ይዛ ሳመችው።

ኪሩቤል ለመነ፤ አልሆነም። ተቆጣ፤ «አባት ሲቆጣ እንዴት ደስ ይላል!» ተባለ። እከሳለሁ አለ፤ «መጀመሪያ የመብራቱን ይክፈሉ!» ተባለ። የሚለው ሁሉ ቀድሞ ቀልድ ሆኖ ተቀምጦለታል። ቢያለቅስም ልጅ ፊት የሚያለቅስ አባት የሚል ቀልድ አለ፤ እሱን እንኳ ያውቀዋል። ስልኩን ዘጋ። አራት ሰዓት ሆኗል። አስካለ ላቧ ከግንባሯ እየወረደ፣ በአጭር በአጭሩ ትተነፍሳለች።

«አባዬ፣ አያምኑንም አይደል?»

«ዝም በይ፣ አትድከሚ» አላት።

ዝም በይ ሲላት ነው የመጣለት። ማሽኑ የሚቀልደው በሰው ቃል ላይ ነው። ጩኸትም፣ ለቅሶም፣ ማቃሰትም ለሱ ቃል ነው፤ ሁሉንም ያውቀዋል። የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሰዎች አሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ግን ምንም አይሉም። ፍንድቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅጂ ሲመጣ ማሽኑ አርባ ሰከንድ ድረስ ይጠብቅና ግራ ሲገባው ለሰው ያስተላልፈዋል። ኪሩቤል በወር አንድ ሁለቴ ይደርሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሀዘን ያለበት ቤት ነው። የጤናው መስመርም ያው ማሽን ነው። አርባ ሰከንድ ዝም ካሉ ሰው ያነሳዋል።

ነገራቸው። «ትንፋሻችን መሰማት አለበት፤ ያለዚያ መስመሩ ተቋረጠ ትላለች። ስልኩ እሷ ደረት ላይ ይሆናል። ማንም ቃል እንዳይወጣው። አንቺም ልጄ...» አለና ቀሪውን መጨረስ አቃተው።

«እኔም እንዳላቃስት» አለች አስካለ።

«አዎ። ይቅር በይኝ።»

ደወሉ። «ጤና ይስጥልኝ። ምን ሆናችሁብኝ?» አራቱም ዝም። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። አስር። አስራ አምስት። ሃያ ላይ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ስትወራጭ እማማ ሄርሜላ አላስችል ብሏቸው «ወላዲተ አምላክ...» አሉ፣ በሹክሹክታ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚያው አሉ እንዴ!» ሳቅ።

እማማ ሄርሜላ አፋቸውን በመዳፋቸው መቱ። እንደገና ተደወለ። በዚህኛው ሃያ ስድስት ደረሱ፤ የሶሊያና ሳግ አመለጣት። ሦስተኛው ላይ ሠላሳ አንድ ደርሰው ነበር። አስካለ አቃሰተች። ትንሽ ነበረች ማቃሰቷ፤ እህትዬ ግን ሰማቻት። «የኔ ቆንጆ፣ ትወና ክበብ ግቢ!» አለቻት።

ልጅቷ አባቷን አየችው። ኪሩቤል በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሥራውን የጠላበት ቀን የለም። ራሱንም ጠላ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች አስካለ። «ከዚህ በኋላ አልችልም።»

እማማ ሄርሜላ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ሶሊያና ፊቷን ትራስ ላይ ደፋች፤ ከዚያ ትንፋሽዋ እንዲሰማ ብላ ቀና አለችና ከንፈሯን ነከሰች። ኪሩቤል የግራ ክንዱን ለልጁ ሰጣት። «ንከሺው» አላት።

ደወለ።

አምስት። አስር። በግድግዳው ማዶ የጎረቤት ቤት የትናንቱን ድራማ እየደገመ ነው፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ኪሩቤል ማሽኑ ይህንን ሰምቶ ይቀልዳል ብሎ ጨነቀው። አልቀለደም። አስራ ስምንት። የአስካለ ጥርስ ክንዱ ውስጥ ገባ። ሃያ አራት። ሕመሙ ማዕበሉን ይዞ ሲመጣባት ያውቃል፤ ክንዱ ይነግረዋል። ሲመጣ ታጠብቃለች፣ ሲሄድ ታላላለች። ሠላሳ። «አላችሁ?» አለች እህትዬ። ማንም አልመለሰም። ሠላሳ ሦስት ላይ ያ ሕመም መጣና አልሄደም። የልጅቷ ዓይን ተበለጠጠ፣ አንገቷ ተገተረ። ድምፅ አልወጣትም። ከኪሩቤል ክንድ ደም ወጣ። እሱም ድምፅ አላወጣም። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ስምንት። ሶሊያና አንድ እጇን በአማቷ እጅ ውስጥ ከታ እየጨመቀች ነው።

አርባ።

ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው አነጠሰ።

«ሄሎ? ማን ነው? ሰው አለ እዚህ?» የሴት ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ ጉንፋን የያዘው፣ የተሰላቸ። እህትዬ ጉንፋን ይዟት አያውቅም።

መናገር ፈሩ። አርባ ሰከንድ ሙሉ ቃል መርዝ ሆኖባቸው ስለቆየ ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ኪሩቤል ነው።

«አለን። አትዝጊብን። ስለ እግዚአብሔር አትዝጊብን።»

«ታዲያ ለምን ዝም ትላላችሁ? ማን ነው የታመመው?»

ነገራት፤ በቅደም ተከተል፣ ከጠዋት ጀምሮ። ሴትየዋ እየሰማች ስትጽፍ ይሰማል። «ዕድሜ?» አለች።

«አስራ አምስት።»

መጻፉ ቆመ። «አስራ አምስት?» አለች። «ወንድሜ፣ የፈተና ሳምንት እኮ ነው። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ...» ብላ ትንሽ ዝም አለች። ዝም ያለችበትን ምክንያት ኪሩቤል ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰውም ሆና ማታ ማታ ድራማውን ታያለች። ቦታ እየተወች ነው።

«እህቴ፣ ስሚኝ» አለ። «እኔ ፍንድቅ ነው የምሠራው። ሳቅ ተካይ ነኝ። ይሄ የምትሠሪበት ማሽን ልጆች አመመን ሲሉ እንዲስቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሺህ ልጅ አዳምጬ ማስመሰል ነው ብዬ ጽፌአለሁ። ስንቱ የእውነቱን ታሞ እንደነበር አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ማስመሰል ምን እንደሆነ ግን ካገሩ ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ። ይቺ አላስመሰለችም።»

ሴትየዋ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ስምህ ማን ነው?»

«ኪሩቤል።»

«እሺ ኪሩቤል። ቀኝ ሆዷ ሥር፣ ከዳሌዋ አጥንት ከፍ ብለህ፣ በጣቶችህ ቀስ ብለህ ተጫናት። ከዚያ በአንዴ ልቀቀው። እኔ እሰማለሁ። ትርፍ አንጀት ከሆነ ሲለቀቅ ነው የሚብሰው፤ ዝም ልትል አትችልም።»

ተጫነ። ለቀቀ። አስካለ እንደ ደጋን ተለጠጠች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

«ለቀቅከው?» አለች ሴትየዋ።

«ለቀቅኩት!»

«ምንም አልሰማሁም እኮ።»

«አስካለ!» አለ። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል እየወረደ፣ አባቷን ታየዋለች። ዝም በይ ያላት እሱ ነው። ዝም ስላለች ነው ሰው የተገኘው። አሁን ድምፅ ብታሰማ ያቺ ሳቂታ ትመለሳለች ብላ ፈርታለች።

«ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለች ሴትየዋ።

«አንዴ! አንዴ ብቻ! አስኩዬ፣ ጩኺ! ሰው ናት፣ ማሽን አይደለችም፣ ጩኺ የኔ ልጅ!»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ያኔ እማማ ሄርሜላ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡና የልጅቷን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ የሚስቅ ካለ እኔን ይሳቅብኝ» አሏት። «አንቺ ጩኺ።»

ኪሩቤል ደግሞ ተጫነና ለቀቀ። አስካለ ጮኸች። ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችውን ሁሉ ነው የጮኸችው። በማዶ ያለው የጎረቤት ሳቅ ቀጥ አለ። የፎቁ በር ሁሉ ተከፈተ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «ወይኔ!» አለች፤ ከዚያ ፈጥና፣ ቃል ሳትመርጥ፣ «ቀይ ቁጥር አርባ ሰባት ሰባ ሁለት፣ መኪናው ስምንት ደቂቃ፣ ምንም እንዳታቀምሷት፣ በሩን ክፈቱ» አለች።

መኪናው በዘጠኝ ደቂቃ ደረሰ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ብለው ሐኪሞቹ ጀመሩና ሶሊያናን ሲያዩ ቀሪውን ተዉት። ልጅቷ ተረፈች። እማማ ሄርሜላ ስለታቸውን አስገቡ፣ ሶሊያና መሬት ሳመች፣ ኪሩቤል መተላለፊያው ላይ ቆሞ ክንዱን ሲያስጠቀልል እንደ ልጅ አለቀሰ። በማግስቱ ከፍንድቅ ተደውሎ «መቼ ትገባለህ?» ተባለ። አልገባም አለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ዝም አላቸው፤ ያኛውም ወገን የሚለው ጠፍቶት ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጣት ሐኪም ገብቶ የአስካለን ፋሻ እያየ «እንዴት አደርሽ? ያምሻል?» አላት።

መልስ የለም።

«ጀግና ናት!» አለና ሰሌዳው ላይ ሕመም የለም ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

ኪሩቤል ግን የልጁን እጅ እያየ ነበር። አንሶላውን ጨምድዳ ይዛዋለች፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። «ያማታል» አለ።

«ካመማት ትናገር እንጂ አባት። ያልተናገረችውን መድኃኒት እንዴት እሰጣታለሁ?»

«ተናገሪ አስኩዬ። ንገሪው።»

አስካለ ጣሪያውን አየች። አልጋው ራስጌ ያለችውን ትንሽ የድምፅ ቀዳዳ አየች፤ የሐኪሙ ኮሌታ ላይ የተሰካችውን ድምፅ መቅረጫ አየች። ከዚያ «ማን ነው የሚሰማው?» አለች።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ኪሩቤል ተነሳና የሐኪሙን ክንድ ይዞ በትሕትና ወደ በሩ ሸኘው። «አምስት ደቂቃ ስጠኝ፣ ዶክተር» ብሎ በሩን ዘጋ። ኮቱን አውልቆ ቀዳዳዋን ጠቀጠቀበት። የራሱንም የሷንም ስልክ አጥፍቶ መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል አስቀመጣቸው። ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አሁን ማንም የለም» አላት። «እኔ ብቻ ነኝ የምሰማሽ።»

አስካለ ረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው። ቂም የለባትም፤ ተጠንቅቃ እያሰበችበት ነው።

«አንተም እኮ ስቀሃል፣ አባዬ» አለች።

ኪሩቤል እጁን አንሶላው ላይ፣ እጇ አጠገብ አኖረውና ልትናገር እስክትፈልግ ድረስ ይጠብቃት ጀመር።